የሽንት ምርመራ ከማድረግዎ በፊት ስለ ቫይታሚን ሲ ክኒንዎ ይናገሩ

ጉንፋን ስለሚመላለስብዎና ድድዎ ስለሚደማ ባለ 1000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ በቀን ሁለት ጊዜ እንደሚወስዱ፣ ሰሞኑን ደግሞ ጎንዎን እየወጋዎ የሽንት ምርመራ እንደታዘዘልዎ ገልጸው፣ «ቫይታሚን ስለሆነ እስከ ምርመራው ድረስ ብቀጥል ችግር አለው?» ብለው ጠይቀዋል። አዎ፣ ችግር አለው። የእርስዎ ጉዳይ ከእኔ ጋር አንድ ዓይነት ስለመሰለኝ፣ እኔ ያየሁትን እንግልት እንዳያዩ ሰፋ አድርጌ እመልስልዎታለሁ። የቫይታሚን ሲን ጥቅም ያውቁታል፤ በእሱ ጊዜዎን አልወስድም።

1ኛ. መጠኑን ይመልከቱ። የአሜሪካ የሥነ ምግብ መመሪያ ለአዋቂ ወንድ በቀን 90፣ ለአዋቂ ሴት 75 ሚሊግራም ይበቃል ይላል፤ ለሚያጨስ ሰው 35 ሚሊግራም ይጨመርለታል። አንድ መካከለኛ ብርቱካን ብቻውን 70 ሚሊግራም ያህል ይዟል። እርስዎ የሚወስዱት 2000 ሚሊግራም ግን ያው መመሪያ ለአዋቂ ከዚህ አይለፍ ብሎ ያስቀመጠው ጣሪያ ነው፤ ከምግብ የሚያገኙት ሲታከልበት ደግሞ ያልፋል። ሰውነትም ቢሆን ሁሉንም አይቀበልም። በቀን እስከ 180 ሚሊግራም ድረስ ሲሆን አንጀት ከ70 እስከ 90 በመቶውን ያስገባል፤ ከ1000 ሚሊግራም ሲበልጥ ግን የሚገባው ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ከገባውም ውስጥ የተረፈውን ኩላሊት አጣርቶ ያስወጣዋል። «ትርፉ በሽንት ይወጣል፣ ምን ይጎዳል?» የሚለውን አባባል እርስዎም ሳይሰሙት አይቀሩም። እኔን ያንገላታኝ ግን ይኸው በሽንት የሚወጣው ትርፍ ነው።

2ኛ. ናሙና ከመስጠትዎ በፊት የሚወስዱትን ሁሉ ይናገሩ፤ ባይጠይቁዎትም ይናገሩ። እኔ የምውጠውን ሁሉ፣ ቫይታሚንም ይሁን ማስታገሻ፣ ከነመጠኑ በወረቀት ጽፌ የመያዝ የቆየ ልማድ አለኝ። ጎኔን ወግቶኝ ስሙን ወደማልጠራው የሕክምና ተቋም ስሄድ ያንን ወረቀት አውጥቼ ለመስጠት ሞክሬ ነበር፤ የተቀበሉኝ ባለሙያ ግን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «አሁን አያስፈልግም» አሉኝ። የሽንቴ ውጤት «ደም የለም» የሚል ስለነበር ሕመሙ የጡንቻ ነው ተብሎ ማስታገሻ ታዘዘልኝ። ምርመራው ሊሳሳት ይችል እንደሆነ ብጠይቅ፣ ያገኘሁት መልስ «ቀጥሎ ያለው ይግባ!» የሚል ብቻ ነበር። ሰው አሞት መጥቶ እንዲህ ይስተናገዳል?

ሕመሙ ብሶ እያስመለሰኝ ወደ ሌላ ተቋም ስሄድ ያንኑ ወረቀት ለላቦራቶሪ ባለሙያው ሰጠሁት። ወጣት ልጅ ነው፤ «ቫይታሚን ሲ፣ 2000» የሚለውን እንዳየ ፈገግ ብሎ ጠራኝና በዓይኔ አሳየኝ። በሽንት መመርመሪያው ስትሪፕ (ሽንት ውስጥ በሚነከረው ቀጭን ቁራጭ) ላይ ደምን የሚያመለክተው ትንሽ አራት ማዕዘን፣ ደም ሲኖር ከቢጫ ወደ አረንጓዴ መለወጥ ነበረበት፤ የእኔ ግን ቢጫ እንደሆነ ቀረ። ያንኑ ሽንት በማሽን አሽከርክሮ፣ ከታች የዘቀጠውን በማይክሮስኮፕ ሲያየው ግን ቀይ የደም ሕዋሳቱ ሞልተውታል። ምክንያቱን ሲያስረዳኝ፣ በስትሪፑ ላይ ቀለሙ የሚወጣው በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን በስትሪፑ ላይ ያለው ፐርኦክሳይድ የተባለ ኬሚካል ማቅለሚያውን በኦክሲጅን እንዲለውጠው ስለሚያደርግ ነው፤ ቫይታሚን ሲ ደግሞ ኦክሲጅን የሚያመጣውን እንዲህ ያለ ለውጥ የሚከላከል ንጥረ ነገር ስለሆነ ፐርኦክሳይዱን ቀድሞ ይጨርሰዋል፣ ቀለሙም ሳይወጣ ይቀራል። ይህን መቋቋም እንዲችሉ ተደርገው የተሠሩ ስትሪፖች አሉ፤ እርስዎ የሚሄዱበት ላቦራቶሪ የትኛውን እንደሚጠቀም ግን ከውጭ ሆነው ሊያውቁ አይችሉም። በአልትራሳውንድ ሲታይ የኩላሊት ጠጠር ተገኘብኝ።

ጠጠሩን የፈጠረው ክኒኑ ነው ብዬ አልምልም። ነገር ግን ከቫይታሚን ሲ የተወሰነው በሰውነት ውስጥ ኦክሳሌት ወደተባለ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር ደግሞ ከካልሲየምና ከኦክሳሌት የተሠራ ነው። በስዊድን ወንዶች ላይ ተካሂዶ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ቫይታሚን ሲን በክኒን የሚወስዱት በጠጠር የመያዝ ዕድላቸው ከማይወስዱት እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ ጎንን የሚወጋ ሕመም እያለብዎ ያንን ሁሉ መጠን መቀጠል ለእኔ ትርጉም የለውም። ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ናሙናውን መቼ ቢሰጡ እንደሚሻል ላቦራቶሪውን ይጠይቁ፤ ሽንትዎ በማይክሮስኮፕም እንዲታይልዎ በትሕትና፣ ግን አጥብቀው ይጠይቁ። እኔ ሁለቱን ውጤቶች ይዤ ወደ መጀመሪያው ተቋም ተመልሼ በቅጻቸው ላይ «የሚወስዱት ቫይታሚን አለ?» የሚል ጥያቄ እንዲጨምሩ በጽሑፍ አመለከትኩ። ኃላፊው ማመልከቻዬን ሳያነቡ አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ችግሩ በሽንት ደም ብቻ አያበቃም። በሰገራ ውስጥ የተደበቀ ደም ለመፈለግ በሚደረገው አንዱ የምርመራ ዓይነት ላይ፣ ከምርመራው በፊት ለ3 ቀናት በቀን ከ250 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ እንዳይወሰድ የሚታዘዘው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። በቤት ውስጥ የደም ስኳር የሚለኩባቸው አንዳንድ መሣሪያዎችም ቫይታሚን ሲ በከፍተኛ መጠን፣ በተለይ በመርፌ፣ ሲሰጥ የተሳሳተ ቁጥር ያሳያሉ።

ስለ ጉንፋኑ ብዙ አልልም። በየቀኑ መውሰዱ በአብዛኛው ሰው ዘንድ ጉንፋን የመያዝን ዕድል እንደማይቀንስ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ አስቀድሞ በቋሚነት ለሚወስድ አዋቂ የሕመሙን ቆይታ በ8 በመቶ ገደማ ያሳጥራል፣ ይኸውም ለሳምንት ጉንፋን ግማሽ ቀን ያህል ነው። ዕድሉ በግማሽ ቀንሶ የታየው እንደ ማራቶን ሯጮችና በከባድ ብርድ እንደሚሠለጥኑ ወታደሮች ባሉ ሰዎች ላይ ነው።

የድድዎ መድማት ግን ሌላ ነገር ይመስለኛል። በቫይታሚን ሲ እጥረት የሚመጣው ስከርቪ ድድን የሚያደማው፣ ሰውነት ያለዚህ ቫይታሚን ጠንካራ ኮላጅን (የሰውነትን ክፍሎች አያይዞ የሚይዝ ፕሮቲን) መሥራት ስለማይችልና ጥቃቅን የደም ሥሮች ስለሚሳሱ ነው። በቂ መጠን ሲገኝ ግን ቶሎ ይሻለዋል። ጄምስ ሊንድ የተባለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም በ1747 እ.ኤ.አ. ስከርቪ የያዛቸውን 12 መርከበኞች ጥንድ ጥንድ አድርጎ የተለያየ ነገር ሲሰጣቸው፣ በቀን ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ የበሉት ሁለቱ ፍሬው በ6 ቀን ቢያልቅም ከሁሉም ቀድመው አገገሙ። (ባሕር ኃይሉ የሎሚ ጭማቂን በይፋ የተቀበለው ግን በ1795 እ.ኤ.አ. ነው፤ የቢሮ መሳቢያ ያኔም ነበረ ማለት ነው።) ስከርቪን ለመከላከል በቀን 10 ሚሊግራም ያህል ይበቃል። እርስዎ 2000 እየወሰዱ ድድዎ መድማቱን ካላቆመ ምክንያቱ እጥረት ሊሆን አይችልም፤ በጥርስና በድድ መካከል የተጠራቀመ ቆሻሻ የሚያመጣው የድድ ብግነት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ጥርስዎን በጥርስ ሐኪም ያሳጥቡት፤ ታጥቦም መድማቱ ካልቆመ፣ ወይም ገላዎ ላይ ያለ ምክንያት የሚበልዝ ነገር ካዩ፣ የደም ምርመራ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ።