ሁለተኛ ባትሪ በትንሽ ወጪ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ሰሞኑን ስለ መኪና ፍሪጅ፣ ስለ ሶላርና ስለ ሁለተኛ ባትሪ የላካችሁልኝ ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ አንድ ላይ ልመልሰው። አብዛኞቻችሁ የምትጀምሩት «የትኛውን ባትሪ ልግዛ?» ብላችሁ ነው። እኔ ባትሪው ላይ መቆጠብ ይቻላል ባይ ነኝ። ገመዱና ፊውዙ ላይ መቆጠብ ግን መዘዝ አለው።

«ጋሼ፣ እንግዳ ጭኜ ዳናኪል እመላለሳለሁ። መኪናዬ አሮጌ ናፍጣ ሃርድቶፕ ናት። የ50 ሊትር የመኪና ፍሪጅ ገዛሁ። ሌሊቱን ሲሠራ ያድርና ጠዋት መኪናዋ አልነሳም ትላለች። በትንሽ ብር ምን ላድርግ?» (ሾፌር፣ ከሰመራ)

መጀመሪያ ሒሳቧን እንሥራ። እንዲህ ያለ ፍሪጅ ኮምፕረሰሩ ሲሠራ ከ4 እስከ 5 አምፔር ይስባል። አዲስ አበባ ብርድ ላይ ቢሆን አብዛኛውን ሰዓት ዝም ብሎ ይውላል። አፋር ሜዳ ላይ ግን ከ24ቱ ሰዓት 12ቱን ቢሠራ አይገርምም። 4 አምፔር በ12 ሰዓት ሲባዛ 48 አምፔር ሰዓት ነው። የእርሳስ ባትሪ ደግሞ በየጊዜው ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሞተር ሳይነሳ የሚያቆይህ አንድ ቀን ነው።

አሁን ያለህ የማስነሻ ባትሪ ለዚህ ሥራ አልተሠራም። ውስጡ ያሉት ፕሌቶች ስስ ናቸው። ሞተሪኖውን ለጥቂት ሰከንድ በኃይል ያዞርና ወዲያው በዲናሞ ይሞላል። ሌሊቱን ሙሉ ቀስ በቀስ ስታልበው ግን አይችለውም።

ብር የማያስወጣውን አስቀድም። አብዛኞቹ የመኪና ፍሪጆች ባትሪው ሲደክም ራሳቸውን የሚያጠፉበት ማስተካከያ አላቸው። ከፍተኛው ላይ አድርገው። ቢራው ሊሞቅ ይችላል፣ መኪናዋ ግን ትነሳለች።

ከዚያ አንድ ባለ 100 ዲፕ ሳይክል ባትሪ፣ ማለትም ቀስ በቀስ ሲታለብ የሚችለውን ግዛ፤ ሱቆቹ የሶላር ባትሪ እያሉ የሚሸጡት ነው። በሁለቱ ባትሪዎች መሀል ቮልቴጅ እያየ የሚሠራ ሪሌ፣ ማለትም በራሱ የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ አስገባ። ዲናሞው መሙላት ጀምሮ 13.3 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ያገናኛቸዋል፣ ሞተር ጠፍቶ 12.8 አካባቢ ሲወርድ ይለያያቸዋል። በእጅ የሚዞር ማብሪያ ማጥፊያ ከዚህም ይረክሳል። ግን ቀኑን ሙሉ አሸዋ ሲነዳ የዋለ ሾፌር ማታ ማጥፋቱን ይረሳዋል። እኔ ሪሌውን እመርጣለሁ።

ኤርታሌ ስር ቆመህ የምትውል ከሆነ ደግሞ ፖርቶ መጋላው ላይ ባለ 100 ዋት ሶላር ጨምር። ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን ወደ 30 አምፔር ሰዓት ያስገባልሃል፤ የፍሪጁን ከግማሽ በላይ ሸፈነ ማለት ነው። ቻርጅ መቆጣጠሪያውን እንዳትረሳ፣ ፓነል በቀጥታ ባትሪ ላይ አይታሰርም።

«የእኔ ላንድክሩዘር ከፋብሪካ ስትመጣ ጀምሮ ሁለት ባትሪ አላት። እንግዲህ እኔ ተገላግያለሁ ማለት ነው?» (ጡረተኛ፣ ከአዳማ)

አልተገላገሉም አባቴ። እነዚያ ሁለቱም ለማስነሻ ናቸው፣ ፍሪጅ ከሰኩ አብረው ይወርዳሉ። ኮፈኑን ከፍተው ማያያዣውን ይዩ። የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ ጋር ከተያያዘ መኪናዎ 12 ቮልት ነው። የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ነጌቲቭ ጋር ከተያያዘ 24 ነው። አንዳንድ ናፍጣ ላንድክሩዘሮች ደግሞ ሞተሪኖው ሲዞር ብቻ 24 ይሆኑና ሌላው ነገር ሁሉ በ12 ይሠራል። የእርስዎ እንደዚያ ከሆነ ሠፈር ውስጥ ላገኙት ሁሉ አያስነኩት።

24 ከሆነ ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት ስበው ሬዲዮ ወይም ፍሪጅ እንዳያስሩ። በብዙ ጋራዥ ይሄ ይሠራል። አንዱ ባትሪ ሁልጊዜ ይጎድላል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ቶሎ ያልቃሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀይር ኮንቨርተር ይግዙ።

«ሁለተኛውን ባትሪ ከኋላ ላስቀምጥ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ባለ 6 ገመድ ይበቃል አለኝ። ልመነው?» (ከሐዋሳ)

አትመኚው እህቴ። ከኮፈኑ እስከ ኋላ 5 ሜትር ብንል ደርሶ መልስ 10 ሜትር መዳብ ነው። በዚህ ላይ 30 አምፔር ሲሄድ 6 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ወደ 0.9 ቮልት ይበላል። ዲናሞው 14.2 ቢያወጣ ኋላ የሚደርሰው 13.3 ነው። በዚህ ባትሪው መቼም ጢም ብሎ አይሞላም። ከዚያ በዓመቱ «ባትሪው አይረባም» ይባላል። ባለ 16 ብታደርጊው የሚጠፋው 0.3 አካባቢ ነው፣ ባለ 25 ደግሞ 0.2።

ርካሹ መፍትሔ የብየዳ ማሽን ገመድ ነው። በጣም ቀጫጭን ሽቦዎች ስላሉት እንደልብ ይተጣጠፋል፣ ኮረኮንች መንገድ ላይም አይሰበርም። የቤት መስመር ገመድ ግን ደረቅ ነው፣ መንቀጥቀጡ ይሰብረዋል። ስትገዢ ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጊው። ከላይ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና መልሺለት። ከጭስ ማውጫው አርቀሽ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፊው።

ፊውዝ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ይሁን፣ ምክንያቱም በሁለቱም ጫፍ ባትሪ አለ። ከእያንዳንዱ ባትሪ ከአንድ ስንዝር አይራቅ። የፊውዙ መጠን የሚመረጠው ገመዱ በሚችለው ልክ ነው፤ ለባለ 16 ገመድ 60 አምፔር ደህና ነው። ገመዱ በቆርቆሮ ጠርዝ ተፍቆ አካሉን ቢነካ ፊውዝ የሌለው መኪና ይቃጠላል። ይሄ ማስፈራሪያ አይደለም፣ የእርሳስ ባትሪ በሰከንድ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል።

«ሶማሌ ተራ የሞተሪኖ ሪሌ በርካሽ አገኘሁ። እሱን ብጠቀምስ?» (ከአዲስ አበባ)

ይቅርብህ። እሱ የተሠራው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ለሰዓታት ሲበራ ይግላል፣ መጨረሻ ላይ ይጣበቅና ሁለቱን ባትሪዎች ሳይለያይ ያድራል። ሳያቋርጥ እንዲሠራ የተሠራውን ጠይቅ፣ የዋጋው ልዩነት ያን ያህል አይደለም። ሪሌውን የሚያበራውን ሽቦም ከመኪናው ቁልፍ አትውሰድ። እንደዚያ ከሆነ ሞተሪኖው ሲዞር ከኋላኛውም ባትሪ ይስባል፣ ፊውዙም ይበጠሳል። ዲናሞው መሥራት ሲጀምር ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር ይሁን።

«አዲስ ፒካፕ ነው የምነዳው። ሊትየም ባትሪ ገዝቼ በሪሌ አገናኘሁት፣ ግን አይሞላም። ክረምት ላይ ደግሞ ተራራ ላይ እናድራለን።» (ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ)

ያንተ ችግር ዲናሞው ነው። የብዙ አዳዲስ መኪኖች ኮምፒውተር ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል የማስነሻው ባትሪ ሲሞላ የዲናሞውን ቮልቴጅ ዝቅ ያደርገዋል። ያኔ ሪሌው ሞተር የጠፋ መስሎት ይለያያል። እዚህ ላይ ርካሽ መንገድ የለም፤ ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር ያስፈልግሃል። ቮልቴጁን ከፍ አድርጎ ለሊትየሙ በሚስማማው ልክ ይሰጠዋል። የሚስበውንም ይገድባል። ሊትየም ከተለቀቀለት ብዙ አምፔር ስለሚጎትት መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞውን ያግለዋል። የ20 ወይም የ30 አምፔር ይበቃሃል።

ብርዱን በተመለከተ፣ ሊትየም ከ0 ዲግሪ በታች ሳለ መሙላት ውስጡን ለዘለቄታው ይጎዳዋል። መጠቀም ትችላለህ፣ መሙላት ነው ክልክሉ። ጥሩ ባትሪ በራሱ ይከለክላል፣ ርካሹ ግን ላይከለክል ይችላል። ባትሪውን ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ አድርገው። ባሌ ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ የምታድሩም ይሄን ልብ በሉ፣ በበጋ ሌሊት ውሃ ይረጋል።

«እኔ ጋ ችግሩ ሙቀት ነው። ኮፈኑ ስር ቦታ አለ፣ እዚያ ላድርገው?» (ከአቡ ዳቢ)

አይሆንም። የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ሊትየምን ደግሞ ሞተር አጠገብ ጨርሶ አታስቀምጠው። ውስጥ የምታስገባው የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ውሃ የማይጨመርበት፣ የታሸገው ኤጂኤም ይሁን። ተራው ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ይተነፍሳል፣ ያ ደግሞ ይፈነዳል።

«በዓመት ሁለት ሦስቴ ቤተሰቡን ይዤ ላንጋኖ አድራለሁ። ፍሪጅ የለኝም፣ መብራትና ስልክ ብቻ ነው። ሁለተኛ ባትሪ ያስፈልገኛል?» (ከአዲስ አበባ)

አያስፈልግሽም። 10 ዋት ኤልኢዲ 4 ሰዓት ቢበራ የሚበላው ከ3 አምፔር ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ደህና ባትሪ ይሄን አይቆጥረውም። ሌሊቱን ካደረ በኋላ ጠዋት ምንም ሳታበሪ በቴስተር ለኪው፤ 12.7 ቮልት ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ደግሞ ሊያልቅ ነው። ጫፎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ነጌቲቩን አስቀድመሽ ፍቺና በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቢው። ሲደርቅ አጥብቀሽ እሰሪና ቫዝሊን ቀቢው። ሐሳብ ከገባሽ በእጅ የሚያዝ የማስነሻ ፓወር ባንክ ይበቃል። እሱንም ከመውጣትሽ በፊት ሙዪው፣ ዳሽቦርድ ውስጥ ባዶውን የሚከርም ብዙ ነው።