መልስ፦ «ያልተነካ» ስለተባለው ጠገራ ብር

«የ1780 ኦሪጅናል፣ ያልተነካ» ተብሎ ኦንላይን ጨረታ ላይ የወጣ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ልግዛ ወይ ብለሃል። ወንድሜ፣ እባክህ አትቸኩል።

1780 የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ ገዥ ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በለንደን፣ በሮም፣ በቦምቤይም ሳይቀር ብሩ ሲሠራ ያው ዓመት ነው የተጻፈበት።

«ያልተነካ» የሚለውንም ፎቶውን አጉልተህ እየው። ትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ ዕንቁዎች አንድ በአንድ ካልተለዩ፣ በጀርባው ያለው የንስሩም የክንፍ ላባ ከጠፋ፣ ብሩ በብዙ እጅ አልፏል። ማብረቁ አያታልልህ። የተፈተገ ብርም ያበራል፤ ግን በቀጫጭን ጭረት የተሞላ ነው። ያልተሠራበት ብር ዘንበል ሲያደርጉት ብርሃኑ ላዩ ላይ ይዞራል። ሻጩን አጭር ቪዲዮ ጠይቀው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የአንገት ጌጥ የነበረውን ደብቆ መሸጥ ነው። እኔም በዚህ ተበልቻለሁ። ፎቶው ፊትና ጀርባ ብቻ ነበር። ሲደርሰኝ ጠርዙን ሳዞረው ከራሷ በላይ የብየዳ ምልክት አለ። እዚያ ጋ ያሉት ጎላ ያሉ የላቲን ፊደላት ጠፍተዋል። የእናቶቻችን ጌጥ መሆኑን እወደዋለሁ፤ ግን ሊነገረኝ፣ ዋጋውም ሊቀንስ ይገባ ነበር።

ክብደቱ 28 ግራም ገደማ መሆን አለበት። «ኤምኤስ 65» (ያልተሠራበት ሳንቲም የሚሰጠው የጥራት ደረጃ) ብሎ የጻፈው ሻጩ ራሱ ከሆነ አትመነው። ሳንቲም መርምረው ደረጃ የሚሰጡት ድርጅቶች ኤንጂሲ ወይም ፒሲጂኤስ በፕላስቲክ ያሸጉት ከሆነ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ድረ ገጻቸው ላይ አረጋግጥ። የጠርዙን ፎቶ ከከለከለህ ግን ተወው።