ልጄ ሰላይ ሆነብኝ

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ትዕግሥቴ አልቋል። የ11 ዓመት ልጄ አክስቱ ከውጭ አገር የላከችለትን «ስፓይ ስኩል» የተባሉ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ማንበብ ከጀመረ ወዲህ ሥራው ሁሉ ስለላ ሆኗል። በረንዳ ላይ ተንበርክኮ የወጣ የገባውን ይመዘግባል። የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ «ልጅሽ ይከታተለኛል» ብለው በሬ ድረስ መጡ። ደብተሩን ብገልጠው «ሌሊት 9፡20፣ ሰብሳቢው ስምንት ጀሪካን ውኃ ሞሉ። ጠዋት ለእኛ ውኃ የለም» ይላል። የምገባበት ጠፋኝ። የጥበቃውን አባባ እንቅልፍ እንኳ በሠንጠረዥ አስቀምጦታል! ስቆጣው «ምሥጢር ነው» ብሎ ዝም ይላል። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ መጻሕፍቱን አላነበብኳቸውም፤ ውሸት የሚያስተምሩ ይመስለኛል። እርሱ ግን ብቻውን እያነበበ ይንከተከታል።

በነገራችን ላይ፣ ስለ አባቱም ጽፏል። ባለቤቴ ይሠራበት የነበረው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል። ልጁ እንዳይጨነቅ ብለን ባለቤቴ በየጠዋቱ ቦርሳውን ይዞ ይወጣል። ልጁ «አባዬ ታክሲ አልተሳፈረም። አደባባዩ አጠገብ ተቀምጧል። ለእማዬ እንዳይነገር» ብሎ ጽፏል። መጻሕፍቱን ልቀማው? ደብተሩንስ ለአባቱ ላሳየው ወይስ ዝም ልበል?

እናት ነኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ

እህቴ፣

ሰብሳቢውን ለጊዜው ተያቸው። «ለእማዬ እንዳይነገር» የሚለውን ስትገለብጪ እጅሽ አልተንቀጠቀጠም? ልጁ አንቺ የማታውቂ መስሎታል። አንቺ እንዳታዝኚ ብሎ የአባቱን ጉዳይ ብቻውን ተሸክሞ፣ እራት ላይ ከሁለታችሁ መካከል ይቀመጣል። አንቺ ግን ከውኃውና ከጥበቃው በኋላ «በነገራችን ላይ» ብለሽ አመጣሽው።

መጻሕፍቱ ውሸት ያስተምራሉ ላልሽው፣ ስለማውቃቸው ልንገርሽ። ስቱዋርት ጊብስ የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ በ2012 እ.ኤ.አ. የጀመረው ተከታታይ ነው። ቤን ሪፕሊ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ የሲአይኤ ሰላዮች ወደሚሠለጥኑበት ምሥጢራዊ ትምህርት ቤት ይጠራል። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነው፤ ለስለላው ግን አይሆንም፤ ልጅሽን የሚያስቀው ይህ ነው። ወላጆቹ የሳይንስ ትምህርት ቤት የገባ ይመስላቸዋል። እርሱም በችሎታው የተመረጠ መስሎት ደስ ሲለው፣ ለካ ትልልቆቹ የጠሩት በውስጣቸው የተደበቀ ከዳተኛ ለመያዝ ማጥመጃ ሊያደርጉት ኖሯል። ትልልቆች አንድ ልጅ ላይ ያሴሩትን ውሸት ልጁ ይደርስበታል። ልጅሽ ይህን መጽሐፍ ለምን እንደወደደው ይገባኛል። ቦርሳ አንጠልጥሎ መውጣትን ደግሞ ከመጽሐፍ የተማረው የለም፤ የእናንተው ፈጠራ ነው።

ስለዚህ አትቀሚው። ደብተሩንም ለባለቤትሽ አታስነብቢው፤ ሥራ ያጣ ሰው የት እንደሚቀመጥ በልጁ እጅ ተጽፎ ማየት አያስፈልገውም። ዛሬ ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ «አውቋል» በዪው፤ ይበቃል። ቅዳሜ ጠዋት አባትና ልጅ አብረው ወጥተው ሻይ ይጠጡ፣ አባትየው በራሱ አንደበት ይንገረው። ሥራ ማጣት ነውር እንዳልሆነ ልጁ ከአባቱ እንጂ ከአንቺ መስማት የለበትም።

የአንቺ ድርሻ ሌላ ነው። ከመጀመሪያው ታውቂ እንደነበር ንገሪው። ደብተሩን ሳታስፈቅጂ እንደገለጥሽም ጨምሪ፤ ይኮርፍሻል፣ መብቱ ነው።

ለጥበቃው አባባ ይቅርታ ጠይቆ ሠንጠረዡን ይቅደደው። ቀን ሲለፉ ውለው ሌሊት ዓይናቸውን ቢከድኑ የልጅ መዝገብ ሊከተላቸው አይገባም። የጀሪካኑን ገጽ ግን እንዳትነኪው። የሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ መቼ ነው?