የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ትዝታ በሲጋር ሳጥን

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ከሲጋር መሸጫ ባዶ የእንጨት ሳጥን ገዝቻለሁ። ባለ ሦስት ክር ጊታር ሠርቼ ትዝታ ልጫወትበት እፈልጋለሁ። አንገቱን ከሳጥኑ ጎን ላይ በኮላ ባጣብቀው ይይዝልኛል? ፍሬቶቹንስ (አንገቱ ላይ በአግድም የሚቀመጡትን ቀጫጭን ብረቶች) የት የት ላስቀምጥ?

መልስ፦ ለጥቂት ቀን ይይዛል፤ ከዚያ ይነሳል። ሦስት የጊታር ክሮች ሲቃኙ በአንድነት ወደ 30 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት ይስባሉ። የሳጥኑ ግድግዳ ደግሞ ቢበዛ 5 ሚሊሜትር ነው። ኮላው ባይለቅ እንኳ ግድግዳው ይጎብጥና ክሮቹ ከአንገቱ ይርቃሉ፤ ያኔ እነሱን መጫን ለጣት መከራ ነው። ስለዚህ አንገቱ ሳጥኑን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ የሚያልፍ አንድ ወጥ እንጨት ይሁን። የሳጥኑ ሥራ ማስተጋባት ብቻ ነው፤ ሸክም አይስጡት።

90 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 4 ስፋት፣ 2 ውፍረት ያለው፣ ጉጥ የሌለበትና ቀጥ ያለ እንጨት ይምረጡ። እርስዎ ዘንድ ኦክ ወይም ሜፕል ይገኛል፤ አገር ቤት ላለ ሰው ዋንዛ ይሆናል። ለስላሳው የጥድ ጣውላ ርካሽ ቢሆንም ውሎ አድሮ ይጎብጣል። በሳጥኑ ሁለት ጎኖች ላይ፣ ከክዳኑ ማረፊያ ጀምሮ ወደ ታች፣ አንገቱ ልክክ ብሎ የሚገባበትን ቦታ በመጋዝ ያውጡ። ብዙ ጀማሪ የሚዘነጋው ቀጥሎ ያለውን ነው፦ ክዳኑ ሥር የሚውለውን የአንገቱን ክፍል 3 ሚሊሜትር ዝቅ አድርገው ይጥረቡት። እንጨቱ ክዳኑን ከነካ ክዳኑ መርገብገብ አይችልም፤ ድምፁም ይታፈናል። ከሳጥኑ ውጪ ባለው የአንገት ክፍል ላይ ደግሞ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ እንጨት ይለጥፉ፤ ፍሬቶቹ የሚቀመጡት እሱ ላይ ነው።

ከነት (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹን ከሚደግፈው ቁራጭ) እስከ ብሪጅ (ክሮቹ ክዳኑ ላይ እስከሚያርፉበት ድጋፍ) ያለውን የክር ርዝመት 60 ሴንቲሜትር ያድርጉት፤ ሒሳቡ ይቀላል። ብሪጁ ከሳጥኑ የኋላ ጠርዝ 6 ሴንቲ ያህል ወደ ውስጥ ይግባ። ከጊታር ክር 5ኛውን፣ 4ኛውንና 3ኛውን ወስደው ሶል፣ ሬ፣ ሶል ብለው ይቃኙ፤ 5ኛው ከላ ወደ ሶል ይወርዳል፣ ሁለቱ ባሉበት ይቆያሉ።

ለትዝታ ሜጀር አምስት ፍሬት ይበቃል፦ 6.5፣ 12.4፣ 20፣ 24.3 እና 30 ሴንቲሜትር። ሁሉንም ከነቱ ጀምረው ይለኩ። ከአንዱ ፍሬት ወደ ቀጣዩ የሚለካ ሰው ትንንሽ ስሕተቱን እየደመረ ይሄድና 30ው ላይ ሲደርስ መሣሪያው ከራሱ ጋር አይስማማም። ለትዝታ ማይነር 12.4ቱን በ9.5፣ 24.3ቱን በ22.2 ይተኩ። አምባሰል ከፈለጉ 3.4፣ 15.1፣ 20፣ 22.2 እና 30 ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ትዝታ ሜጀርን ከሶል ሲጫወቱ በመካከለኛው ክር ላይ 12.4ቱን ፍሬት ይዝለሉት። እዚያ የሚወጣው ፋ ዲየዝ ነው፤ ከቅኝቱ ውጪ ነው። በሁለቱ የዳር ክሮች ላይ ግን ያው ፍሬት ሲ ይሰጣል፣ ትክክል ነው።

እንጨቱን ከመብጣትዎ በፊት ቦታዎቹን በኬብል ማሰሪያ ፕላስቲክ ይሞክሩ። አንገቱ ላይ ጠበቅ አድርገው ያስሩታል፣ ጆሮዎ ካልተቀበለው ያንሸራትቱታል። ብሪጁንም ቶሎ አያጣብቁ። ክሩን 30ው ላይ በጣት ነካ ብቻ አድርገው የሚወጣውን ቀጭን ድምፅ፣ እዚያው ተጭነው ከሚወጣው ጋር ያወዳድሩ። የተጫኑት ከፍ ካለ ብሪጁን አንድ ሁለት ሚሊሜትር ወደ ኋላ ይግፉት።

ከባሕር ዳር
ጥያቄ፦ ራሴ የሠራሁት ባለ ሦስት ክር ጊታር ክፍቱን ስመታው ደህና ነው። አንደኛውን ፍሬት ስጫን ግን ዝዝ ይላል። ክሩን ብቀይርም አልተወኝም።

መልስ፦ ክሩ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ ያለው ሁለተኛው ፍሬት ላይ ነው፤ ከጎረቤቶቹ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። የመታወቂያ ካርድ ጠርዝ በሦስት ፍሬቶች ላይ አስደግፈው ወዲያ ወዲህ ያድርጉት። ቢወዛወዝ መካከለኛው ረዝሟል ማለት ነው፤ በጥሩ ሞረድ ጥቂት ጥቂት እያነሱ በየመሐሉ ይለኩ።

ክፍቱ ክር ብቻ ዝዝ የሚል ቢሆን ኖሮ ነቱ ላይ ያለው ቦይ በጣም ጠልቋል እንል ነበር። እሱ የሚጠገነው ቦዩ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ በማንጠባጠብና ሲደርቅ እንደገና በመሞረድ ነው። የትም ቢጫን የሚንዛዘዝ ከሆነ ደግሞ ሳጥኑን ይጠርጥሩ። ማጠፊያውን፣ መቆለፊያውን፣ በከፊል የተላቀቀውን የሲጋር ወረቀት በየተራ በጣት ይዘው ክሩን ይምቱ። ሲይዙት ጸጥ ያለው ጥፋተኛው ነው።

በገና ላይ ይህ ድምፅ ሆን ተብሎ ይመጣል፤ በክሩና በብርኩማው (በበገናው ብሪጅ) መካከል እንዚራ የሚባለው ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ዝዝታውን ከወደዱት እንግዲህ ለአንዱ ክር ይሞክሩት።

ከአዲስ አበባ
ጥያቄ፦ እዚህ የሲጋር ሳጥን ከየት ይመጣል? የጫማ ካርቶን አይሆንም?

መልስ፦ ካርቶን ድምፅ ይውጣል። ባለ 3 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ገዝተው 22 በ18 በ5 ሴንቲ የሆነ ሳጥን ይሥሩ፤ ለጎኖቹ 8 ሚሊሜትር የሆነ ጣውላ ይበቃል። የድምፅ ቀዳዳውን 2.5 ሴንቲ አድርገው በላይኛው ማዕዘን ይብሱ፤ ብሪጁ አጠገብ ከሆነ ክዳኑን ያዳክማል። አሜሪካኖቹም ይህን ነገር የጀመሩት በእጃቸው ያገኙት ሳጥን ስለነበረ ነው፤ በሲጋሩ ውስጥ ምንም ምሥጢር የለም። ማሲንቆም ቢሆን ቆዳ የተወጠረበት የእንጨት ሳጥን ነው። እንደ ማሲንቆው ክዳኑን በፍየል ቆዳ ለመተካት ካሰቡ ግን በክረምት ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ይላላል፤ ብሪጁ ይሰምጣል፣ ቅኝቱም ይወርዳል።

ከዱባይ
ጥያቄ፦ ለሲጋር ሳጥን ጊታሬ ፒየዞ (የእንጨቱን መርገብገብ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ትንሽ ክብ ዝርግ) ገጥሜ ከሚክሰር ጋር ሳገናኘው ድምፁ ቆርቆሮ ይመስላል፣ ቤዝ የለውም። ፒየዞው ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። ፒየዞ 1 ሜጋ ኦም ያህል ተቃውሞ ያለው መግቢያ ይፈልጋል፤ የሚክሰሩ ላይን መግቢያ ግን በአሥር ሺዎች ኦም የሚቆጠር ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ ያስቀረዋል። ወደ ጊታር አምፕሊፋየር ይሰኩት፣ ወይም በመሐል ዲአይ ቦክስ (ፒየዞውን ከሚክሰሩ መግቢያ ጋር የሚያስማማ ትንሽ ሳጥን) ያስገቡ። ኸምም የሚል ድምፅም ካለ ሽቦዎቹ ተገላብጠው እንደሆነ ይዩ፦ መካከል ያለው ነጩ ክፍል ወደ ጃኩ ጫፍ፣ ዙሪያው ያለው ናስ ወደ ጃኩ እጀታ ነው። እንደገና ሲበይዱ ካውያውን ነጩ ላይ ከሁለት ሰከንድ በላይ አያቆዩ፤ በላዩ ያለው ስስ የብር ቅብ ይላጣል፣ ያን ጊዜ በእውነት ይበላሻል።