ለሦስተኛ ፓርቲ ከመምረጥህ በፊት ግዛትህን እይ

«ሁለቱም እጩዎች አልጣሙኝም፤ ለሦስተኛ ፓርቲ ብመርጥ ድምፄ ይባክናል ወይ?» ላልከው፣ መልሱ አሜሪካ ውስጥ የት ግዛት እንደምትኖር ነው።

ካሊፎርኒያ ከሆንክ ደስ ያለህን ምረጥ። የፕሬዚዳንቱ ውጤት እዚያ ቀድሞ የታወቀ ያህል ነው። ፔንሲልቬንያ ወይም ዊስኮንሲን ከሆንክ ግን በጥቂት ድምፅ ስለሚለይ ነገሩ ሌላ ነው። ከሜይንና ከነብራስካ በቀር፣ አንደኛ የወጣው የግዛቱን ወኪል መራጮች (ፕሬዚዳንቱን በመጨረሻ የሚመርጡትን) ጠቅልሎ ይወስዳል፤ በአንድ ድምፅም ቢበልጥ። በ2000 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ላይ ቡሽን ከጎር የለየው 537 ድምፅ ነበር። የሦስተኛ ፓርቲ እጩው ራልፍ ኔደር ደግሞ እዚያው ከ97 ሺህ በላይ አግኝቷል።

እንዲህ ባለ ግዛት ካለህ፣ የባሰብህ ሰው ለጥቂት ቢያሸንፍ ይቆጭሃል? ከቆጨህ ሳትወደውም ቢሆን ለሚሻለው ስጥ። ሁለቱም እኩል ከሆኑብህ ግን የሚወቅስህን አትስማ፤ ድምፁ ያንተ ነው። (ሜይን ያሉትማ ታድለዋል፤ እጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያሉ በደረጃ ስለሚመርጡ የመጀመሪያ ምርጫቸው ከወደቀ ድምፃቸው ወደ ሁለተኛው ይዞራል።)

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እኔ አንዴ ተናድጄ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የሌለ ሰው ስም ጽፌ ወጣሁ። ለካ ሰውየው በግዛቴ አልተመዘገበም፤ ድምፄ ሳይቆጠር ቀረ። በብዙ ግዛቶች አስቀድሞ ያልተመዘገበ ስም ከንቱ ነው። የድምፅ መስጫውን ናሙና ከምርጫው ቀን በፊት አውጥተህ እይ።