መጀመሪያ ጆሮውን እዩ፦ ስለ እንግሊዝ የፈረስ ሥዕሎች ጥያቄና መልስ

ስለ እንግሊዝ የፈረስ ሥዕሎች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ ስለ ሰዓሊው ጆርጅ ስተብስ (እ.ኤ.አ. 1724–1806) ነው። ደስ ብሎኛል፤ እኔም ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

ፈረስ እውነት ስሜቱን ያሳያል? ወይስ ሰዓሊው ነው የሚጨምርበት?

ያሳያል። መጀመሪያ ጆሮውን እዩ። ወደ ኋላ ከተለጠፈ ተቆጥቷል ወይም ተጨንቋል። ቀጥሎ አፍንጫውን፣ ከዚያ የዓይኑን ነጭ። ደካማ ሰዓሊ የሰው ዓይን ይሰጠውና እንባ ያቀርርለታል። ስተብስ ይህን አያደርግም። የቆዳ ፋቂ ልጅ ነው። በ1756 ሆርክስቶው በምትባል የሊንከንሽር መንደር ቤት ይዞ የፈረስ ሬሳ በመንጠቆ እያንጠለጠለ፣ ቆዳውን እየገፈፈ፣ ጡንቻና ጅማቱን አንድ በአንድ ሣለ። ከዓመት በላይ! ሽታውን አስቡት። የሕይወት አጋሩ ሜሪ ስፔንሰር አብራው ሠርታለች። ሥዕሎቹን የያዘው የፈረስ አካል መጽሐፉ በ1766 ታተመ። ጆሮውን የትኛው ጡንቻ እንደሚስበው የሚያውቅ ሰው ነው የሣለው።

ዊስልጃኬት የሚባለው የስተብስ ሥዕል ምኑ ነው እንዲህ የሚደነቀው? ባዶ ቦታ ላይ የቆመ ፈረስ አይደል?

ባዶነቱ ነው ምሥጢሩ። ዛፍ የለ፣ ሰው የለ፣ ኮርቻም ልጓምም የለ። ወደ 3 ሜትር በሚጠጋ ሸራ ላይ አንድ ዳማ ፈረስ ብቻ ቆሟል፤ ዓይኑም ወደ እኛ ዞሯል። የእንግሊዛዊው ባላባት የማርኪስ ኦቭ ሮኪንግሃም ፈረስ ነበር። ሥዕሉ የተሠራው በ1762 አካባቢ ነው። የለንደኑ ናሽናል ጋለሪ በ1997 በ11 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው።

ፈረሱ የራሱን ሥዕል አይቶ ሊደባደብ ተነሣ የሚባለውስ?

የስተብስ ወዳጅ ኦዛያስ ሀምፍሪ ጽፎት የቀረ ታሪክ ነው። እኔ አምነዋለሁ።

አንበሳ የሚያስደነግጠው ነጭ ፈረስስ? እንግሊዝ አገር አንበሳ የለ!

ስተብስ በ1754 ሮም ሄዶ ነበር። እዚያ ፈረስ የሚቦጭቅ አንበሳ የሚያሳይ ጥንታዊ ሐውልት አለ፤ ሐሳቡ የመጣው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። ሊቨርፑል በዎከር ጋለሪ ያለውን፣ የ1770ውን ተመልከቱ። አንበሳው ገና አልነካውም። ፈረሱ ግን የፊት እግሮቹን ተክሎ፣ ጋማው ቆሞ፣ በድንጋጤ ደርቋል።

ሴት ሰዓሊ የለችም?

አለች እንጂ! ሉሲ ኬምፕ ዌልች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መድፍ የሚጎትቱ ፈረሶችን በ1917 ሣለች። ፊት ለፊታችን እየጋለቡ ይመጣሉ። ሥዕሉ ቴት ጋለሪ ውስጥ ነው።

አንዱን ብቻ ምረጥ ብትባልስ?

ሳላመነታ ሀምብልቶኒያንን። ይህ ፈረስ በ1799 ኒውማርኬት ላይ፣ ለ3,000 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ) በተደረገ ውድድር ዳይመንድ የሚባለውን ፈረስ ለጥቂት ቀደመው። ያሸነፈው ግን እየተገረፈና በጫማ ብረት እየተወጋ፣ ደም በደም ሆኖ ነው። የፈረሱ ባለቤት የድል ሥዕል አዘዘ። የ75 ዓመቱ ሽማግሌ ስተብስ ግን ድሉን አልሣለም፤ ከድሉ በኋላ ያለውን ድካም ሣለ። ጆሮው ወደ ኋላ ተለጥፏል። አፉ ተከፍቷል። በአንድ ወገን ባሉት እግሮቹ ብቻ የቆመ ይመስላል፤ ሊወድቅ ነው ትላላችሁ። የክፍያው ነገር ሰዓሊውንና የፈረሱን ባለቤት ፍርድ ቤት አድርሷቸዋል። ሥዕሉ አሁን ሰሜን አየርላንድ፣ ማውንት ስቱዋርት በሚባል ትልቅ ቤት ይገኛል።

ከፈረሱ ጋር ሁለት ሰዎች አሉ፤ አሠልጣኙና ፈረሱን የሚንከባከበው ልጅ። ሁለቱም እኛን ነው የሚያዩት፣ ፊታቸው ላይ ፈገግታ የለም። የልጁ ክንድ ግን ፈረሱ ጀርባ ላይ ነው።