ስታክ ያደረገ ሊኑክስ ኮምፒውተር ፋይል ሳይጎዳ እንዴት ይነሣል?

ጥያቄ፦ ሊኑክስ የተጫነበት ላፕቶፔ በሥራ መካከል ስታክ ያደርጋል፤ ማውሱም አይንቀሳቀስም። እኔም የማብሪያ ማጥፊያውን ቁልፍ ተጭኜ በመያዝ አጠፋዋለሁ። ይህ ፋይሎቼን ይጎዳ ይሆን? ሌላ መንገድስ አለ?

መልስ፦ ጉዳቱ በአብዛኛው የሚያገኘው ገና አሁን የተጻፈውን ፋይል ነው። ሊኑክስ ሴቭ የተደረገን ነገር ወዲያው ወደ ዲስክ አያወርድም፤ በተለመደው አሠራር እስከ 30 ሰከንድ ያህል ራም ላይ ሊያቆየው ይችላል። ኢኤክስቲ4 የተባለው የፋይል ሥርዓት ጆርናል (የለውጦች መዝገብ) ስላለው መብራት ድንገት ቢቋረጥም የራሱን መዋቅር ይጠግናል እንጂ ራም ላይ የቀረውን ጽሑፍ መልሶ አያመጣም።

ስለዚህ አስቀድመው የቆመው ምን እንደሆነ ይለዩ። ካፕስ ሎክን ሲጫኑ መብራቱ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ፣ የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነል አሁንም እየሠራ ሊሆን ይችላል። ራም ሞልቶ ዲስኩ በሥራ ተወጥሮ ከሆነ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ብቻውን ይበቃል። ካልሆነ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3ን በአንድ ላይ ይጫኑ፤ የጽሑፍ መግቢያ ከመጣልዎ በስምዎና በይለፍ ቃልዎ ይግቡ፣ ቶፕ በሚባለው ትእዛዝ ራሙን ወይም ፕሮሰሰሩን የያዘውን ፕሮግራም ይፈልጉ፣ ከዚያም ኪል በሚባለው ትእዛዝ ያንን ፕሮግራም ብቻ ይዝጉ።

ይህም እምቢ ካለ፣ ኦልትንና ፕሪንት ስክሪንን (በአንዳንድ ላፕቶፖች ኤፍኤንንም ጨምረው) እንደያዙ የኤስን (S) ፊደል ይጫኑ፤ ራም ላይ ያለው ወደ ዲስክ እንዲወርድ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁና ዩን (U)፣ በመጨረሻም ቢን (B) ይጫኑ። ዩ ዲስኮቹን ለንባብ ብቻ ክፍት ያደርጋቸዋል፤ ቢ ደግሞ ማሽኑን ወዲያውኑ እንደገና ያስነሣዋል፤ ስለዚህም ቢን ማስቀደም ቁልፉን ተጭኖ ከማጥፋት አይሻልም። ብዙዎች ከእነዚህ በፊት ኪቦርዱን የሚያስለቅቀውን አር (R)፣ ፕሮግራሞችን የሚዘጉትን ኢ (E) እና አይን (I) ይጨምራሉ፤ ይሁንና ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ሲጫን የትኞቹ ፊደሎች እንደሚፈቀዱ የሚወስነው የከርነሉ ቅንብር ቁጥር 176 ስለሆነ የሚሠሩት ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ ቁጥሩ 16 በሆነበት ሥርዓት ደግሞ ኤስ ብቻ ይሠራል። 1 ቢደረግ ሁሉም ይፈቀዳል፤ ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ማሽን ላይ ግን ይህን አልመክርም፤ ኪቦርዱ ጋ የደረሰ ሰው ሁሉ ፕሮግራሞችን መግደል ይችላልና። ሴቭ ያላደረጉትን ጽሑፍ ኤስም ቢሆን አያድነውም።

ችግሩ የሚደጋገም ከሆነ ዋናው ሥራ ከተነሣ በኋላ ያለው ነው። ጆርናል ሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ ከመቆሙ በፊት የተመዘገቡትን የመጨረሻ መስመሮች ያንብቡ። ራም ማለቁን የሚገልጽ መልእክት ካገኙ ራም ወይም ስዋፕ (ራም ሲሞላ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ይጨምሩ፤ የግራፊክስ ካርዱን ስም የያዘ የስሕተት መልእክት ከተደጋገመ ደግሞ ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ያድሱ፣ ወይም ቀደም ሲል በደኅና ይሠራ የነበረውን ከርነል ከማስነሻ ዝርዝሩ መርጠው ይሞክሩ።